ያልሞላው የወይን ብርጭቆ

በመካኒሳ አቦ አካባቢ ድግስ ያሰበ ሰው ሁሉ ከድንኳን አከራዩም ቀድሞ የሚያማክረው አቶ ሚሳኤልን ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ ያረፈደ ተማሪ ከአጥር ውጭ ሆኖ ሳላቸውን ሲሰማ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር ይባላል። ከጡረታ በኋላ ያ ሥልጣን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወደ ድንኳን ተዛወረ። መኖሪያቸውን ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቢያዛውሩም ከአቦ ማኅበራቸው አልተለዩም፤ እንዲያውም የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ እሳቸው ናቸው። ሠርግም ሆነ ተዝካር ሲኖር ካህኑ የት፣ አማቹ የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ አሳላፊዎቹን የሚቆጣጠሩትም እሳቸው ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚያጠብቁት ትእዛዝ አንድ ነው፤ «ሙላው! ለእንግዳ ጎደሎ አይቀዳም!» ጠጁ ከብርጭቆው አፍ ደርሶ የእንግዳውን ጣት ካላራሰ፣ በእሳቸው ፍርድ፣ እንግዳው ተንቋል።

ይህን ሥርዓት ከአባታቸው ተቀብለው ሳያጎድሉ ጠብቀዋል፤ በዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ከድንኳኑ ውጭ ሌላ ሥርዓት ሊኖር እንደሚችል ግን አንድም ቀን አስበው አያውቁም ነበር።

በዚያ ዓመት የመጨረሻ ልጃቸው ቤተልሄም ታጨች። እጮኛዋ ነጋ ከሞጆ ወደ ሐይቆቹ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኝ አንድ የወይን እርሻና መጥመቂያ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። አባቱ አቶ ዱጉማ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ላፍቶ ላይ ሲያርሱ ከኖሩ ቤተሰቦች የተወለዱ ሰው ናቸው። እርሻው ወደ ከተማነት ከተለወጠ ወዲህ በሀና ማርያም ግቢያቸው ጥቂት ላሞች ያረባሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጤናዬም እዚያው የእህል መደብር አላቸው። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺታው ተሰጥቶ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ነገሩ ሁሉ በሰላም ተፈጽሟል ሊባል ይችል ነበር፤ አቶ ሚሳኤል ግን አንዲት ቃል በሆዳቸው ይዘው ቀርተዋል። በሽምግልናው ዕለት አቶ ዱጉማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልክተው፣ «ጋሽ ሚሳኤል፣ ይኼ እርስዎ የሚተኙበት ብሎክ እኮ የአባቴ ማሳ ነበር። እኔ ራሴ ጤፍ አጭጄበታለሁ! ሌሊት ሌሊት ጀርባዎን ገለባ አይበላዎትም?» ብለው ነበር። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ቀልዱ አባቱ ያረሰውን መሬት በሰው ሳሎን መስኮት የሚያይ ሰው ሐዘኑን ለመሸፈን የሚቀልደው ቀልድ ነበር። አቶ ሚሳኤል ግን በጥርሳቸው እየሣቁ የሰሙት ሌላ ነገር ነው፤ «አንተ በእኔ መሬት ላይ ያለህ መጤ ነህ» የተባሉ መሰላቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት የሚመጣውን ንቀት ይጠባበቁ ጀመር። የሚጠባበቁትን ለማግኘትም ብዙ አልቆዩም።

የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ነጋ ሁለቱን ቤተሰቦች የሚሠራበትን ቦታ እንዲያዩና ወይን እንዲቀምሱ ጋበዘ። ቅዳሜ ማለዳ በተከራየው ሚኒባስ መጀመሪያ ወላጆቹን ከሀና ማርያም፣ ቀጥሎ እነ አቶ ሚሳኤልን ከጀሞ አነሣ። አቶ ሚሳኤል ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሰው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወረዱ።

«ውይ ጋሼ!» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ ከመስኮቱ ብቅ ብለው፤ «እኛ እኮ እርሻ ነው የምንሄደው! ይኼ ሱፍ ቅርንጫፍ ቢይዘው እኔ የለሁበትም።»

«ተዪያቸው» አሉ የአቶ ሚሳኤል ባለቤት ወይዘሮ ወርቅዬ፤ «ክራቫት ካላሰሩ አየር አይገባላቸውም።»

ሁሉም ሣቀ፤ አቶ ሚሳኤልም ፈገግ አሉ። ነጋ የጋቢናውን በር ከፍቶ፣ «እርስዎ እዚህ ይሁኑ» አላቸው። «የለም፣ የለም፣ ለአባትህ ይሁን» ብለው እንደ ወጉ አንድ ጊዜ እምቢ አሉ፤ ሁለተኛውን ልመና ጠብቀው። ነጋ ግን ቃላቸውን እንደ ቃል ተቀብሎ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አባቱን በዚያው አስቀመጠ። አቶ ሚሳኤል ከኋላ ገብተው ቁጭ አሉ። እስከ ሞጆ ድረስ ወይዘሮ ጤናዬ ቆሎ ሲያድሉና ሲቀልዱ፣ እሳቸው የአቶ ዱጉማን ማጅራት ሲመለከቱ ሄዱ።

ወይን የሚቀመሰው ከመጥመቂያው ሕንጻ ጎን፣ በሣር ክዳን ጥላ ሥር በተዘረጋ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነበር። በአጠገቡ ባለው ሌላ ጠረጴዛ ዙሪያ ከከተማ የመጡ ሌሎች ጎብኚዎች ተቀምጠዋል። አያንቱ የምትባል የመጥመቂያው ሠራተኛ ከጠርሙሶቹ አጠገብ ቆማ ሥርዓቱን ማስረዳት ጀመረች። ብዙ ዓይነት ወይን ስለሚቀመስ ከየዓይነቱ የሚቀዳው ጥቂት ጥቂት እንደሆነ፣ መጀመሪያ ቀለሙ እንደሚታይ፣ ቀጥሎ እንደሚሸተት፣ መዋጥ ያልፈለገ ሰው አፉ ውስጥ ካዟዟረው በኋላ በመካከል በተቀመጠው ባልዲ ሊተፋው እንደሚችል፣ ይህም በዚህ ቦታ ነውር እንዳልሆነ አንድ በአንድ ተናገረች።

ከአቶ ሚሳኤል በቀር ሁሉም ሰማት። እሳቸው የወንበሮቹን አቀማመጥ በማጥናት ላይ ነበሩ። አቶ ዱጉማ እግራቸውን ለመዘርጋት እንዲመቻቸው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል፤ የሙሽራዋ አባት ከጎን ነው። «ጋቢናውም ለእሱ፣ ራሱም ለእሱ» እያሉ በልባቸው ሲቆጥሩ የአያንቱ ቃል በጆሯቸው አጠገብ አለፈ።

መጀመሪያ ነጩ ወይን ተቀዳ። አያንቱ አንድ ጉንጭ የምታህል ጠብ አድርጋላቸው ጠርሙሱን ቀና አደረገች። አቶ ሚሳኤል ብርጭቆውን እንደያዙ ጠበቁ፤ ጠርሙሱ ወደ ወይዘሮ ጤናዬ አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ወይዘሮ ጤናዬ እንደ ተነገራቸው አፋቸው ውስጥ አዟዙረው ባልዲው ውስጥ ተፉና፣ «ኧረ ሰው ያየኛል!» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሣቁ። ቤተልሄምም አብራ ሣቀች። ለአቶ ሚሳኤል ግን ይህ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ በአማቾች መካከል ለክብር የቀረበ መጠጥ ተተፋ! ሦስተኛው ቀይ ወይን መጣ። የብርጭቆውን ወለል ብቻ ሸፍኖ ሲቆም ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ።

«አቶ ዱጉማ!»

ድምፁ የዩኒት ሊደሩ ድምፅ ነበር። በጎን ጠረጴዛ የነበሩት ዞረው አዩ።

«አቤት፣ ጋሽ ሚሳኤል?»

«ሰው ጠርታችኋል ወይስ አልጠራችሁም?»

«ጠርተናል እንጂ! ምን ጎደለብዎ?»

«ምን ጎደለ ይሉኛል? ይኼ ምንድን ነው?» ብርጭቆውን ወደ ላይ አነሡት። «ለታመመ ሕፃን ሽሮፕ እንኳ እንዲህ አይቀዳም! በእኛ ቤት ለእንግዳ ሞልቶ ይፈስሳል። ግን ምን ይደረግ፣ የገበሬ ነገር! በጣሳ እህል ሲሰፍር የኖረ እጅ መጠጡንም ይሰፍራል። እኔ ልጄን የሰጠሁት ለቸር ቤት መስሎኝ ነበር።»

ነጋ ፊቱ ተለዋውጦ አባቱን አየ። አያንቱ በድንጋጤ፣ «አባቴ፣ ይኼ እኮ የአቀማመሱ…» ብላ ስትጀምር አቶ ዱጉማ እጃቸውን በቀስታ አንሥተው አስቆሟት።

«አንዴ ፍቀጂልኝ ልጄ» አሏትና ጠርሙሱን ተቀበሏት። ጉልበታቸውን እየደገፉ ተነሥተው ጠረጴዛውን ዞሩ። እንደ ጠጅ አሳላፊ በግራ መዳፋቸው ጥቂት ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ከዚያ የአቶ ሚሳኤልን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞሉት። ወይኑ ፈስሶ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አቀላው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቀረቡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቤቱን ለልጆቹ ትቼ ቸል አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ሚሳኤል ብርጭቆውን ተቀበሉ። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «ይሁን። አልፌዋለሁ» አሉና ጠጡ።

ሁለት ጊዜ እንደተጎነጩ ዐይናቸው በአጋጣሚ ወደ ጎን ጠረጴዛ ሄደ። እንደ እሳቸው ሱፍ የለበሰ አንድ ሸበቶ ሰው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ከአንድ ጉንጭ አይበልጥም። አሸተተው፣ ቀመሰው፣ ጎንበስ ብሎ ተፋው፤ ባለቤቱ አልተሸማቀቀችም፣ ቀጂውም አልተቀየመም። ከሌላ ጠርሙስ ደግሞ ያችኑ ያህል ተቀዳለት፤ አመሰገነ።

በዚያን ጊዜ ሳይሰሙ የሰሙት የአያንቱ ቃል ተመለሰላቸው፤ «ጥቂት ጥቂት» ብላ ነበር፤ «ነውር አይደለም» ብላ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የሞላው ብርጭቆ የእሳቸው ብቻ ነው። ቢያስቀምጡትም ቢጠጡትም ብርጭቆው የሚሰድባቸው መሰላቸው። አቶ ዱጉማ ልጅቱን ለምን እንዳስቆሟት አሁን ገባቸው። ቃሏን ብትጨርስ ኖሮ የሙሽራዋ አባት በሰው ሁሉ ፊት ያላወቁትን ሲዳኙ ይገኙ ነበር። ሰውዬው ያንን ለመሸፈን ስድቡን በራሳቸው ላይ ተቀበሉ፤ አቶ ሚሳኤል ደግሞ የሰደቡትን ሰው ይቅር አሉት። ከጆሯቸው ሥር የጀመረ ሙቀት እስከ ክራቫታቸው ወረደ። ቀና ብለው ቤተልሄምን ፈለጉ፤ ልጃቸው የረጠበውን የጠረጴዛ ልብስ በሶፍት እያደረቀች ነበር፤ አላየቻቸውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

ከምሳ በኋላ ነጋ ወይኑን ሊያሳያቸው ወደ እርሻው ወሰዳቸው። ወይዘሮ ወርቅዬ ሆን ብለው ወደ ኋላ ቀርተው ባላቸውን ጠበቁ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ በዝግታ፤ «ምን እንዳልክ ታውቀዋለህ?»

«ሥርዓቱን አላወቅኩም።»

«የወይኑን ነው የማታውቀው። ‹የገበሬ ነገር›ንስ ማን አስተማረህ? አባትህ ምን ነበሩ? መንዝ ላይ ቢሮ ነበራቸው?»

አቶ ሚሳኤል ክራቫታቸውን አላሉ።

«ደግሞ ‹አልፌዋለሁ›! ማን ነው አላፊው? ሰውዬው ሰድበኸው ይቅርታ ይለምንህ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።» ነጠላቸውን አጣፍተው ጥለዋቸው ሄዱ።

አቶ ዱጉማ ከወይኑ መስመር ዳር አጎንብሰው አፈሩን በጣታቸው ይፈትሹ ነበር። አቶ ሚሳኤል ቀረቡ። ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር።

«አቶ ዱጉማ…»

«አቤት!» ፊታቸው ላይ ቂም የለም፤ አቶ ሚሳኤልን የከበዳቸው ያ ነው።

«ፀሐዩ… ከረር አለ።»

«አዎን፤ እርስዎ ደግሞ ሱፍ ነው የለበሱት። ይኸው ጥላው ጋ ይቁሙ» ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። አቶ ሚሳኤል በተለቀቀላቸው ጥላ ሥር ቆሙ።

ከረድፉ ማዶ የነጋና የቤተልሄም ድምፅ ይሰማል፤ ቅጠሉ ስለሸፈናቸው ሰው እንዳለ አላወቁም።

«ተይው ቤቲ፣ አባቴ እኮ ምንም አላለም።»

«ምንም ስላላሉ እኮ ነው ያፈርኩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በጥር እዚያ ቤት ስገባ በምን ዐይኔ ነው የማያቸው?»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«እኔ የእሱ ልጅ ነኝ።»

አቶ ሚሳኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ያለ ምክንያት መረመሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ «የሚሳኤል ልጅ» መባል ለቤተልሄም እንደ ጋሻ መስሏቸው ኖሯል፤ አሁን ቃሉን ከራሷ አፍ እንደ ጥፋት ሲነገር ሰሙት።

በመመለሻው መንገድ ወይዘሮ ጤናዬ አንድ ሁለት ጊዜ ጨዋታ ሞክረው የሚቀበላቸው ሲያጡ መስኮቱን ተደግፈው አንቀላፉ። የሾፌሩ ሬዲዮ ብቻ ያወራል። አቶ ሚሳኤል ሞጆ ላይ እናገራለሁ አሉ፤ ሞጆ አለፈ። ከፈጣኑ መንገድ መውጫ ላይ ስንቆም እላለሁ አሉ፤ ሲቆም ሾፌሩ ከኬላ ሠራተኛዋ ጋር ሲቀልድ ጊዜው አለፈ። ቃሊቲን ሲሻገሩ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታያቸው። አሁን ሀና ማርያም ሲደርሱ እነ አቶ ዱጉማ ይወርዳሉ። ከወረዱ በኋላ የዛሬው ታሪክ እንደተጻፈ ይቀራል፤ በዳይ ዱጉማ፣ ይቅር ባይ ሚሳኤል። በሠርጉም፣ በመልሱም፣ በልጅ ልጅ ክርስትናም ያ ውሸት በሁለቱ ቤቶች መካከል ይቀመጣል፤ ውሸት መሆኑንም ሁሉም እያወቀው ዝም ይላል።

ኃይሌ ጋርመንት ሲደርሱ መኪና ተጨናንቆ ቀጥ አለ። አቶ ሚሳኤል የፊቱን ወንበር ይዘው ተነሡ።

ረጅም ሰው ናቸው፤ የሚኒባሱ ጣሪያ ቀና ሊያስብላቸው አልቻለም። አንገታቸውን ደፍተው፣ ወገባቸውን አጥፈው ቆሙ።

«ሾፌር፣ እስቲ ሬዲዮውን ዝጋልኝ።»

ሬዲዮው ተዘጋ። ወይዘሮ ጤናዬ ነቁ።

«አቶ ዱጉማ፣ ጠዋት ይቅርታ የለመኑት እርስዎ ነበሩ። ጥፋቱ ግን የእርስዎ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ልጅቷ ስታስረዳ አልሰማሁም። እሱስ አለማወቅ ነው ይባል። የገበሬ ነገር ያልኩት ግን ባለማወቅ አይደለም። እንዲያማችሁ ብዬ ነው ያልኩት። ስለ ማሳው በቀለዱባት ቀን ቂም ይዤ፣ ምክንያት ስፈልግ ነበር። እርስዎ ሲሸፍኑልኝ ደግሞ አልፌዋለሁ አልኩ። አፍሬያለሁ።»

ከኋላቸው የቆመ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሚኒባሱ ጥቂት ተንቀሳቅሶ እንደገና ሲቆም አቶ ሚሳኤል ተንገዳገዱ፤ ማንም አልሣቀም።

«ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ ይወድቃሉ!» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ።

እሳቸው አልተቀመጡም። አቶ ዱጉማ ከጋቢናው ወደ ኋላ ዞሩ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ብዙ ሰምቼ አሳልፌያለሁ» አሉ። «አባቱ ሲሰደብ ተቀምጦ የሰማው እሱ ነው።» በአገጫቸው ነጋን አመለከቱ።

አቶ ሚሳኤል ይህን አልጠበቁም ነበር። በሥራ ዘመናቸው ከእሳቸው ላነሰ ሰው ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም፤ ተሳስተው የቀጡትን ተማሪ እንኳ «ለሚቀጥለው ይጠቅምሃል» ብለው ያሰናበቱ ሰው ናቸው። እንደታጠፉ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ነጋ፣ አባትህን በፊትህ አዋረድኩ። ይቅር በለኝ።»

ነጋ ጉልበቱን እያየ፣ «እሺ ጋሼ» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ሊጨምርም አይገባውም ነበር።

ሀና ማርያም ሲደርሱ አቶ ሚሳኤል ቀድመው ወርደው የጋቢናውን በር ከፈቱ። አቶ ዱጉማ ትከሻቸውን ተደግፈው ወረዱና ጨበጧቸው። «ማክሰኞ ስለ ድንኳኑ ልንነጋገር ቀጠሮ ነበረን» አሉ፤ «እንዳለ ነው። ይምጡ።» ፈገግታ አልነበራቸውም፤ ግን እጃቸውን ቶሎ አልለቀቁም። ወይዘሮ ጤናዬ የተረፈውን ቆሎ ለወይዘሮ ወርቅዬ በመስኮት አቀብለው ተከተሏቸው።

ጀሞ ሲደርሱ ቤተልሄም ከመኪናው ወርዳ አባቷን ጠበቀች። ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት ስታያቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አባዬ፣ መኪና ውስጥ ስላልከው አመሰግናለሁ።»

አቶ ሚሳኤል ልባቸው ቀለል ሊላቸው ሲል ቀጠለች።

«ግን ያን ጊዜ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ብትለው ኖሮ…» ሳትጨርሰው ተወችው።

«አውቃለሁ» አሉ።

እናቷን በክንዷ ደግፋ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። አቶ ሚሳኤል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተከተሏቸው። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ፣ ሳይደክማቸው፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ፤ ከላይ በሩ ተከፍቶ እናትና ልጅ እስኪገቡ ድረስም በዚያው ቆዩ።